ቱቦ ዙሪያ ቀዳዳ ስትደረድር ከመሃል ጀምር

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል። «ባለ 4 ኢንች የብረት ቱቦ ላይ በሶሊድወርክስ (በኮምፒውተር ዕቃ መንደፊያ ሶፍትዌር) ቀዳዳ መደርደር አቃተኝ። ቱቦው የአሸዋ ማጣሪያ ታንከር ሥር የሚቀበር ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ነው። ዙሪያውን 12፣ በርዝመቱ 30 ረድፍ፣ ባለ 8 ሚሊ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ክቡ ገጽ ላይ ስኬች (መነሻ ሥዕል) አልከፍት አለኝ። ጎኑ ላይ ፕሌን (ጠፍጣፋ የመሳያ ገጽ) ሠርቼ በሊኒየር ፓተርን (በቀጥታ መስመር እየገለበጠ በሚደረድረው) ስሞክር ዳር ዳር ያሉት ቀዳዳዎች ተጣመሙ። ሰርኩላር ፓተርንም (ዙሪያውን እየገለበጠ የሚደረድረውን) ሞክሬያለሁ። ለሙከራ 9 ብዬ ባዝ 18 ወጣ! ረድፎቹን ዚግዛግ ማድረግስ ይቻላል?»

ይቻላል። ደግሞም የገጠሙህ ሦስት ችግሮች መነሻቸው አንድ ነው። ሐሳብህ ሁሉ የቱቦው ቆዳ ላይ ነው። ቀዳዳው ግን የሚወለደው ከመሃል ነው።

ድንች አስብ። ድንቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ስንጥሮችን ሁሉ ቀጥ አድርገህ ከላይ ወደ ታች ብትሰካ፣ መሃል ላይ ያለው በደንብ ይገባል። ዳር ላይ ያለው ግን ቆዳውን እየላጠ ሰያፍ ይሄዳል። ሊኒየር ፓተርን ያደረገልህ ይኸንኑ ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። አንተ የምትፈልገው ደግሞ እንደ ጃንጥላ ዘንጎች ሁሉም ከአንድ መሃል እንዲነሱ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ በትክክል የተሠራ ቀዳዳ እና አንድ አክሲስ (ቀዳዳው የሚዞርበት የመሃል መስመር) ብቻ ነው። የቀረውን ማዞር ሶፍትዌሩ ያውቅበታል።

ስኬቹ ለምን እምቢ እንዳለህ ቶሎ ልለፈው። ተራ ስኬች ጠፍጣፋ ነገር ይፈልጋል፤ ክብ ገጽ ጠፍጣፋ አይደለም። በቃ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ቱቦውን ከውጭ የሚነካ ፕሌን ለመሥራት ይሮጣል። እሱም ይሠራል። ለአንተ ሥራ ግን አያስፈልግም። ቱቦውን ስትሠራ ክቡን ኦሪጂን (የሞዴሉ መነሻ ነጥብ) ላይ ካስቀመጥከው፣ ፍሮንት ፕሌን ላይ ስለህ ከዘረጋኸው፣ ራይት ፕሌንና ቶፕ ፕሌን ቱቦውን ለሁለት ሰንጥቀው ያልፋሉ። እዚያው ተዘጋጅተው ቁጭ ብለዋል። ራይት ፕሌን ላይ ስኬች ክፈት። የ8 ሚሊ ክብ ሳል። የክቡን መሃል በቱቦው የመሃል መስመር ላይ አስረው፤ ከቱቦው ጫፍ ደግሞ 65 ሚሊ ስጠው። 65 ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። 30 ረድፍ ማለት 29 ክፍተት ነው። በ30 ሚሊ ርቀት 870 ሚሊ ይሆናል። ከ1000 ላይ ሲቀነስ 130 ይተርፋል። ለሁለቱ ጫፍ ስታካፍለው 65 ነው።

አሁን ኤክስትሩድድ ከት፤ የሳልከውን ክብ ወደ ጥልቀት የሚቆርጠው መሣሪያ። እዚህ ጋ ነው የ18ቱ ቀዳዳ ምስጢር ያለው። ስሩ ኦልን (ያገኘውን ሁሉ በስቶ የሚያልፈውን) በሁለቱም አቅጣጫ አድርገህ ቆርጠሃል። ወይም ፕሌኑን ከቱቦው ውጭ ሠርተህ ወደ ውስጥ ስሩ ኦል ብለሃል። በሁለቱም መንገድ መብሻው አንዱን ግድግዳ በስቶ አያቆምም፤ ማዶ ያለውንም ይበሳል። አንድ ቀዳዳ ያዘዝክ መስሎህ ሁለት አዘሃል። 9 ስትለው 18 የሆነው ለዚህ ነው።

የሚገርመው፣ ለሙከራ 9 ባትል ኖሮ ይህን ስህተት አታየውም ነበር። 12 ብትል 12 ቀዳዳ ነበር የምታየው። ቁጥሩ ለሁለት እኩል የሚካፈል ሲሆን የማዶው ቀዳዳ ሌላው ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ በትክክል ይወድቃል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ይቆርጣል፣ አንተ ደግሞ ሁሉም ሰላም ነው ብለህ ትሄዳለህ። ከወር በኋላ አለቃህ «11 አድርገው» ሲልህ ጉዱ ይወጣል። እኔ አዲስ ፓተርን ስሠራ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር የምሞክረው ለዚህ ነው። አንተ ሳታስበው ጥሩ ፈተና ፈትነሃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመሃል ፕሌን ተነስተህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስሩ ኦል በል። ከመሃል ወደ ውጭ ሲሄድ የሚያገኘው አንድ ግድግዳ ነው።   

ከውጭ በሚነካ ፕሌን መሥራት የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። ለምሳሌ የቡሎን ጭንቅላት የሚቀበርበት ሰፋ ያለ አፍ ስትፈልግ፣ ወይም ጥርስ የሚወጣለት ቀዳዳ ሲሆን። ያኔ አንዲት ወጥመድ አለች። የባለ 4 ኢንች ቱቦ የውጭ ዲያሜትር 114.3 ሚሊ ነው። ግድግዳው እንደ ሚዛኑ ይለያያል፤ ስኬጁል 40 የሚባለው የውፍረት ደረጃ ከሆነ 6.02 ሚሊ ነው። ሰው «ግድግዳው 6.02 ነው፣ ጥልቀቱም 6.02» ይላል። ስህተት ነው። ገጹ ክብ ስለሆነ ከቀዳዳው መሃል ወደ ጎን በሄድክ ቁጥር የውስጠኛው ግድግዳ ትንሽ ዝቅ ይላል። ለ8 ሚሊ ቀዳዳ 0.16 ሚሊ ያህል። ስለዚህ ቀዳዳው ጎንና ጎኑ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የቀጠነ ነገር ይቀራል። መሃሉ ላይ ደግሞ ውፍረቱ ዜሮ ይሆንና ሶፍትዌሩ ሊሠራልህ እምቢ ሊል ይችላል። 10 ሚሊ ስጠውና ተገላገል። ውስጡ ባዶ አየር ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

አንዱ ቀዳዳ ተሠራ። አሁን ሰርኩላር ፓተርን። ምን ላይ ይዙር ሲልህ ክቡን ገጽ መንካት ትችላለህ፤ ሶሊድወርክስ መሃሉን ራሱ ያገኘዋል። ቴምፖራሪ አክሲስን (ሶፍትዌሩ ራሱ ክብ ነገር መሃል የሚያስቀምጠውን መስመር) አብርቶ መምረጥም ይቻላል። እኔ ግን የራሴን አክሲስ ብሠራ እመርጣለሁ። ራይትና ቶፕ ፕሌን የሚገናኙበት መስመር ላይ። ምክንያቱም ነገ ቱቦው ላይ ጉድጓድ ብታወጣበት፣ ብትሰነጥቀው፣ ያ የመረጥከው ገጽ ይቀየራል ወይም ይጠፋል። ፓተርኑም አብሮ ይወድቃል። የኦሪጂን ፕሌኖች ግን የትም አይሄዱም።

ቁጥሩ 12፣ አንግሉ 360፣ ኢኳል ስፔሲንግ (እኩል ርቀት) ላይ ምልክት። መጀመሪያ የሠራኸው ቀዳዳ ከ12ቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ኢኳል ስፔሲንግን ረስተህ 360 ብትጽፍ ደግሞ 12ቱም አንድ ቦታ ላይ ይደራረባሉ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አይተህ «አልሠራም» ትላለህ። ሠርቷል፤ አንዱን ቀዳዳ 12 ጊዜ ነው የሠራልህ።

በእጅ አስልተህ ማስገባት የምትወድ ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ ውጤቱን ሳይሆን ስሌቱን ጻፍ። 12 ላይ ችግር የለውም፤ 30 ዲግሪ እኩል ይወጣል። 7 ቢሆን ግን 360 ለ7 ሲካፈል 51.428 እያለ ይቀጥላል። «51 ይበቃል» ብለህ ብታልፍ የመጨረሻው ቀዳዳ ከቦታው 2.57 ዲግሪ ይጎድላል። በዚህ ቱቦ ላይ 2.5 ሚሊ ገደማ ነው። 360/7 ብለህ ብትጽፍ ሶፍትዌሩ ራሱ ያካፍለዋል።

ከዚያ ሊኒየር ፓተርን። አቅጣጫው ያው አክሲስ፣ ርቀቱ 30፣ ቁጥሩ 30። የሚገለበጠው ሰርኩላር ፓተርኑ ራሱ ነው፤ በጎን ካለው የሥራ ዝርዝር (ዛፉ) ላይ መርጠህ ታስገባዋለህ። 360 ቀዳዳ አገኘህ። መጀመሪያ በርዝመቱ ደርድረህ ከዚያ ብታዞረውም ውጤቱ አንድ ነው።

አሁን ዚግዛጉ። በአንድ ዘር (ሌሎቹ የሚገለበጡበት መነሻ) ቀዳዳ አይሆንም፤ ሁለት ዘር ያስፈልግሃል። የመጀመሪያው ያው 65 ሚሊ ላይ ያለው ነው። ለሁለተኛው አዲስ ፕሌን ሥራ። አክሲሱን ምረጥ፣ ራይት ፕሌንን ምረጥ፣ 15 ዲግሪ አዙረው። 15 የሆነበት በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው 30 ስለሆነ ነው፤ ግማሹ። እዚያ ፕሌን ላይ ያንኑ ክብ ሳል፤ ከጫፍ ያለው ርቀት ግን 95 ይሁን። በተመሳሳይ መንገድ በአንድ አቅጣጫ ቁረጥ። ከዚያ ሁለቱን ቀዳዳዎች አንድ ላይ ይዘህ በ60 ሚሊ ርቀት 15 ጊዜ ደርድራቸው። አንደኛው ከ65 እስከ 905፣ ሁለተኛው ከ95 እስከ 935 ይሄዳል። ሁለቱም በዙሪያው 12 ጊዜ ይዙሩ። ረድፉም ቀዳዳውም አልተቀነሰም፤ ዝም ብሎ ተሸማኗል። ሠላሳውን ረድፍ ሠርተህ ከዚያ አንድ አንዱን እየዘለልክ ለማዞር ብትሞክር ግን ቀኑ ይመሽብሃል።

ኮምፒውተሩ ማቃሰት ከጀመረ ጂኦሜትሪ ፓተርን የሚለውን ሞክር። እያንዳንዱን ቀዳዳ እንደገና ከማስላት ቅርጹን ብቻ ይገለብጣል። ቱቦህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይስማማዋል። ሌላ ሥራ ስትሠራ ደግሞ ፓተርኑን ሰፕረስ አድርገህ አስተኛው። ለማተም ስትደርስ ትቀሰቅሰዋለህ።

በሌላ የንድፍ ሶፍትዌር፣ በፊውዥን የምትሠራ ብትሆንም ነገሩ ያው ነው፤ ስሙና ቦታው ትንሽ ይለያያል። ፍሪካድ የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ግን መልቲትራንስፎርም የሚባለውን ተጠቀም። አንዱን ቀዳዳ ሰጥተኸው በውስጡ ሊኒየሩንና ፖላሩን (ዙሪያውን የሚደረድረውን) ታስከትላለህ። እዚያ ቤት ሊኒየር ፓተርን ርዝመት ሲጠይቅህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን ጠቅላላ ርዝመት ሊሆን ይችላል። 30 ብለህ ብታስገባ ሠላሳውም ረድፍ በ30 ሚሊ ውስጥ ይታጨቃል። 870 ነው የምትለው።

እዚህ ድረስ ጥያቄህ ተመለሰ። ነገር ግን ያልጠየቅከኝ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳልነግርህ ብሄድ ደስ አይለኝም። ወደፊት «ቀዳዳ ይጨመር» መባሉ አይቀርም። ስንት ድረስ ይቻላል?

በውጭ በኩል የቱቦው ዙሪያ 359 ሚሊ ነው። ለ12 ሲካፈል 29.9። ከዚያ ላይ 8ቱን ብትቀንስ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል 22 ሚሊ ገደማ ብረት አለ። ሞልቶ ተርፏል። ቁጥሩን 36 ብታደርገው በውጭ 2 ሚሊ ያህል ይቀራል። ይበቃል ትል ይሆናል። ውስጡን እየው እስቲ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወደ መሃል ስለሚያመሩ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ይቀራረባሉ። የውስጡ ዲያሜትር 102.26 ስለሆነ እዚያ የሚቀረው ብረት 0.9 ሚሊ ብቻ ነው። ከላይ ስታየው ወንፊት፣ ከውስጥ ስታየው ሸረሪት ድር።

ቀዳዳዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ በአንድ መስመር ማስላት ይቻላል። የቀዳዳውን ግማሽ ዲያሜትር፣ 180 ለቀዳዳው ቁጥር ተካፍሎ በሚወጣው አንግል ሳይን አካፍለው። የምታገኘው ከመሃል ያለውን ርቀት ነው። ለ36 ቀዳዳ 4 ሲካፈል ለሳይን 5 ዲግሪ፣ 45.9 ሚሊ ይሰጣል። የቱቦህ የውስጥ ሬዲየስ 51.13 ነው። 45.9 ከሱ በታች ስለሆነ ቀዳዳዎቹ የሚገናኙት ባዶው ሆድ ውስጥ ነው፤ ብረቱ ውስጥ አይደለም። ለ40 ቀዳዳ 50.98 ይወጣል። በፀጉር ስፋት ተረፍክ ማለት ነው። ለ41 ግን 52.25 ነው። ብረቱ ውስጥ ተገናኝተዋል። ሶፍትዌሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይስልልሃል፤ ስሕተት መሆኑን የሚነግርህ የበሳው ሰው ነው። ዚግዛግ ስታደርግ ጎረቤቱ ረድፍ ላይ ያሉት ክፍተቱ ላይ ይወድቃሉ። እዚያው ረድፍ ላይ ላሉት ግን ሕጉ ያው ነው።

ደግሞስ ቀዳዳ መጨመር ያስፈልጋል ወይ? 360 ቀዳዳ በባለ 8 ሚሊ ሲሰላ 181 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የቱቦው ሆድ ራሱ 82 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ከቱቦው አፍ በእጥፍ የሚበልጥ መግቢያ አለህ። ውሃው የሚታነቀው ቀዳዳው ጋ አይደለም። ወንፊት ትጠቀልልበት እንደሆነ እሱ የሚዘጋው ሌላ ሒሳብ ነው።

ሌላው፣ ይህ ቱቦ የሚሠራው ከተዘጋጀ ቱቦ ነው ወይስ ከላሜራ ተጠቅልሎ? ይኼ ጥያቄ ሞዴሉን ከሥሩ ይቀይረዋል። ላሜራ ከሆነ ቀዳዳው የሚቆረጠው ጠፍጣፋ ሳለ ነው። በሺት ሜታል (የላሜራ) መሣሪያ ነው የምትሠራው። ባለ 3 ሚሊ ላሜራን ወደ 114.3 የውጭ ዲያሜትር ብትጠቀልለው፣ የጠፍጣፋው ርዝመት የሚለካው በውፍረቱ መሃል ነው። 111.3 በፓይ ሲባዛ 349.7 ሚሊ። ለ12 ስታካፍለው 29.14 ነው፤ 29.9 አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማድረቂያ ከበሮ ላሜራ ሳልኩ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ከጠርዙ ላይ አስነሳሁት፤ ስሌቱ ያምራል ብዬ። ላሜራው ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ ሲመጣ መጋጠሚያው በግማሽ ቀዳዳዎች መሃል አለፈ። በያጁ አየኝ፣ እኔም በያጁን አየሁት። ምንም አላለኝም። ኤሌክትሮዱን አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ከጠርዙ በግማሽ ርቀት አስገብቼ ነው የምጀምረው። በአንተ ሒሳብ 14.57 ሚሊ። ዚግዛግ ከሆነ ደግሞ አንዱ ረድፍ ሩብ፣ ሌላው ሦስት ሩብ ርቀት ላይ ይጀምር፤ 7.3 እና 21.9 ማለት ነው። 7.3 ላይ ያለው የቀዳዳ ጠርዝ ከብየዳው 3 ሚሊ ብቻ ስለሚርቅ በያጁን ቀድመህ አናግረው።

የተዘጋጀ ቱቦ ከሆነ፣ የሚበሳውም በእጅ ትራፓኖ ከሆነ፣ ድሮዊንጉ ላይ 360 ቀዳዳ ልኬት አታዝንብበት። አንዱን ረድፍ በክብ አቆራረጥ አሳይና «12 ቀዳዳ፣ ዲያሜትር 8፣ እኩል ርቀት» በል። በጎን ደግሞ 65፣ 30 እና የረድፉን ቁጥር ጻፍ። ዚግዛጉን 15 ዲግሪ ብለህ አመልክት። ከዚያ በላይ ሲሆን ማንም አያነበውም።

ለሚበሳው ሰው 29.9 የሚለውን ቁጥር ብቻ ሰጥተህ እንዳትሄድ። ያ ቁጥር በክቡ ላይ ተጠምዝዞ የሚለካ ነው። ሰውየው ኮምፓስ በ29.9 ከፍቶ ከነጥብ ነጥብ ቢራመድ፣ ኮምፓስ የሚለካው ቀጥታውን ነው። አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ የመጀመሪያውን ነጥብ 4 ሚሊ ያህል አልፎ ይሄዳል። በኮምፓስ ከሆነ 29.58 ነው የምትሰጠው፤ 114.3 በሳይን 15 ዲግሪ ሲባዛ። ከዚህ ሁሉ ግን የወረቀቱ ዘዴ ይሻላል። 359.1 በ1000 ሚሊ የሆነ ሬክታንግል ስኬች አድርግ፣ ነጥቦቹን በ29.92 ደርድር፣ በአንድ ለአንድ ስኬል አትም። ፕሪንተሩ «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የሚለውን ማጥፋትህን አትርሳ። ወረቀቱ ቱቦው ላይ ተጠቅልሎ ሁለቱ ጠርዝ ከገጠሙ ልኬቱ ልክ ነው። ካልገጠሙ ወይ ሕትመቱ ተዛብቷል፣ ወይ የገዛኸው ቱቦ 114.3 አይደለም። ለማንኛውም ቱቦውን በካሊፐር ሳትለካ ምንም ነገር እንዳታትም።